ኮምፒውተሩ ቤት፣ ባለቤቱ መንገድ

እስቲ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። ሥራችሁ በሙሉ ያለበት ኮምፒውተር ቤት ነው። እናንተ ግን ለስልጠና ሐዋሳ ወርዳችኋል። አለቃችሁ ደውሎ «ያ ያለፈው ወር ፋይል አሁኑኑ ይላክልኝ» አለ። ምን ታደርጋላችሁ?

አብዛኞቻችን የምናደርገው የታወቀ ነው፤ ቤት እንደውላለን። ታናሽ ወንድም እያዛጋ ይነሳል። ኮምፒውተሩን ይከፍታል። «ፓስወርዱ ምንድነው?» ይላል። እኛም ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጠን ፓስወርዳችንን ፊደል በፊደል ለወንድማችን፣ ለሾፌሩ፣ ለረዳቱና ለመላው ተሳፋሪ እንናገራለን። ቀጥሎ «ዴስክቶፑ ላይ ኒው ፎልደር የሚል አለ፤ እሱን ተወው፣ ኒው ፎልደር ሦስትን ክፈት፤ እዚያ ውስጥ ፋይናል ፋይናል የሚለውን...» ወንድም የተሳሳተውን ይልካል። መብራት ይሄዳል። አለቃ በድጋሚ ይደውላል።

ወገን፣ ይህ ሁሉ የሚደርስብን ኮምፒውተርን ከሩቅ መክፈት እንደሚቻል ሳናውቅ ቀርተን አይደለም። ቪኤንሲ የሚባለው ፕሮግራም በ1990ዎቹ መጨረሻ ላይ ነበረ (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር አንብቡልኝ)። ዛሬ ቲምቪወር አለ፣ ኤኒዴስክ አለ፣ የጉግሉ ክሮም ሪሞት ዴስክቶፕ በነፃ አለ። ብዙዎቻችሁ ከእነዚህ አንዱን ጭናችሁት ይሆናል። የጫናችሁበት ቀን ግሩም ሠራ። ከክፍል ክፍል እየዞራችሁ በስልካችሁ ማውሱን አንቀሳቀሳችሁ፤ እህታችሁን አስደነገጣችሁ። የምር ያስፈለጋችሁ ቀን ግን «ኦፍላይን» አላችሁ።

አቋሜን ልናገርና ልገላገል። ከሩቅ የሚከፈት ኮምፒውተር በዋናነት የቤት ጉዳይ ነው። መብራቱ፣ ራውተሩ፣ ገመዱ፣ ከእናት ጋር የሚደረገው ስምምነት ይቀድማሉ፤ ፕሮግራሙ መጨረሻ ላይ የሚመጣ ነገር ነው። እኛ ደግሞ ሁልጊዜ ከመጨረሻው እንጀምራለን።

«ለምን ክላውድ ላይ አታስቀምጪውም?» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። ለሲቪና ለመመረቂያ ጽሑፍ ትክክል ነው። ግን ቪዲዮ የምታቀናብር ጓደኛ አለችኝ፤ የአንድ ሠርግ ጥሬ ቀረጻ ብቻ 100 ጊጋባይት ይሞላባታል። በሴኮንድ 5 ሜጋቢት ወደ ላይ በሚጭን የቤት መስመር ያንን ክላውድ ላይ መስቀል 44 ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ ያውም መስመሩ አንዴም ሳይቆረጥ። ክፍያውም በዶላር ነው። ሐምሌ 2024 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100 ብር ማለፉን አትረሱትም መቼም። ከባዱን ፋይል ባለበት አስቀምጦ የስክሪኑን ምስል ብቻ ማምጣት ግን ለመደበኛ የሞባይል ዳታም አይከብድም። ቅንብሩን የሚሠራው ቤት ያለው ማሽን ነው፤ ጓደኛዬ የምትልከው የማውስ ጠቅታ ነው።

የኔ ምክንያት ደግሞ ሌላ ነው። ጋዜጠኝነት ተምሬ የወጣሁ ነኝ። ሰዎች አምነውኝ የነገሩኝ ብዙ ሰዓት የድምፅ ቅጂ አለኝ። ያንን ላፕቶፕ ውስጥ ይዤ ከታክሲ ታክሲ መዝለል አልፈልግም፤ ላፕቶፕ ይሰረቃል። ድምፁ የት ነው ያለው ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ቢኖር፣ ቤቴ፣ የተቆለፈ ዲስክ ላይ ብዬ መመለስ መቻል አለብኝ። እንደዚያም ሆኖ ደሴ ሆኜ አንድ ዓረፍተ ነገር ማረጋገጥ ቢያስፈልገኝ ቅጂውን ከፍቼ ማዳመጥ እፈልጋለሁ።

ስለዚህ ከመብራት እንጀምር።

ስለ መብራት መሄድ ለአዲስ አበባ ልጅ ማስረዳት አያስፈልግም። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። መብራቱ ሲመለስ ራውተሩ ራሱ ይነሳል። ዴስክቶፑ ግን ጥቁር እንዳለ ጣት ይጠብቃል፤ ቤት ደግሞ ማንም የለም። የዚህ መፍትሔ አንዲት ብር አያስወጣም፤ ባዮስ ውስጥ ነው ያለው። ኮምፒውተሩ ሲነሳ ዲሊት ወይም ኤፍ2 ተጭናችሁ (እንደ ሥሪቱ ይለያያል) ስትገቡ፣ ስለ ኃይል የሚያወራው ክፍል ውስጥ፣ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ማሽኑ ምን እንደሚያደርግ የሚወስን መስመር አለ። ብዙ ጊዜ ከፋብሪካ የሚመጣው «ጠፍተህ ቆይ» ተብሎ ነው። «ተነሳ» በሉት። የስንቱን ሰው ጉዞ ያበላሸች መስመር መሰለቻችሁ!

እኔን ብትጠይቁኝ ግን ዴስክቶፑን ተዉት እላለሁ። ቁም ሳጥን ውስጥ ስክሪኑ የተሰነጠቀ፣ ወይም ሁለት ፊደል የማይሠራ አሮጌ ላፕቶፕ የላችሁም? እሱ ነው ሁነኛው ሰው። ባትሪው ግማሽ ሰዓት እንኳን ቢይዝ አጭሩን የመብራት መቆራረጥ ሳይነቃበት ያልፋል። የቆየ ዴስክቶፕ ሥራ ፈትቶ ተቀምጦ 60 ዋት ገደማ ይበላል፤ ይህ በ24 ሰዓት ወደ 1.4 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ላፕቶፕ ስክሪኑ ጠፍቶ 10 ወይም 15 ዋት ቢወስድ ነው። ካርድ ቆጣሪ ያለበት ቤት የሚኖር ሰው ይህ ልዩነት ይገባዋል፤ ካርዱ እናንተ ጎንደር ሳላችሁ ካለቀ ምንም ዓይነት ፕሮግራም አያድናችሁምና። (ከጉዞ በፊት ካርድ መሙላት የኔትወርክ ዝርጋታ አካል ነው፤ የትኛውም መማሪያ መጽሐፍ ላይ ግን አታገኙትም።)

ላፕቶፑን ስታዘጋጁ ክዳኑ ሲዘጋ እንዳይተኛ፣ ለረጅም ሰዓት ሳይነካ ሲቆይም እንዳያንቀላፋ ማድረግን አትርሱ። ዓመቱን ሙሉ ቻርጀር ላይ የሚኖር ባትሪ ያብጣል፤ ላፕቶፑ የሚፈቅድ ከሆነ ቻርጁን 80 በመቶ ላይ አቁሙት፣ አየር የሚያገኝበት ቦታ ላይም አስቀምጡት። አልጋ ሥር፣ ብርድ ልብስ ላይ፣ በፍጹም።

ቀጥሎ ራውተሩ ነው፤ እዚህ ላይ ብር ካላችሁ አውጡ። ኮምፒውተሩ በባትሪ ነቅቶ ራውተሩ ከጠፋ የነቃው ለማን ነው? ለራውተር የሚሆኑ ትንንሽ ባትሪዎች ኤሌክትሮኒክስ ሱቆች ውስጥ ይሸጣሉ፤ መጠናቸው የመጽሐፍ ያህል ነው። ራውተር የሚወስደው 10 ዋት ገደማ ስለሆነ ደህናው ባትሪ ለሰዓታት ያቆየዋል። ከመግዛታችሁ በፊት የራውተሩን አዳፕተር ገልብጣችሁ አንብቡ፤ 12 ቮልት የሚፈልግ አለ፣ 9 ቮልት የሚፈልግም አለ። ፋይበር ያላችሁ ደግሞ ግድግዳ ላይ የተሰቀለችውን ሌላዋን ሳጥን አስቡ። ሁለት ሳጥን ካላችሁ ሁለቱም ባትሪ ይፈልጋሉ። ራውተሩን ብቻ በባትሪ አድርጎ «ኢንተርኔቱ ለምን ጠፋ?» የሚል ስንት ሰው አለ!

ሰፈሩ በሙሉ ሲጨልምስ? እንደ መስመራችሁ ነው። ፋይበር ወደ ቤት ሲገባ ብዙውን ጊዜ መሃል ላይ መብራት የሚፈልግ መሣሪያ የለውም፤ ዋናው ጣቢያ እስከሠራ ይሠራል። የድሮው የመዳብ መስመር ግን ሰፈር ውስጥ ባለ ሳጥን በኩል ሊያልፍ ይችላል፤ የሳጥኑ ባትሪ ካለቀ እናንተም አለቃችሁ። የሞባይል ማማዎች የራሳቸው ባትሪ ወይም ጄኔሬተር ስላላቸው ሲም የሚያስገባ ራውተር በሁለተኛ መስመርነት መያዝ ዋጋ አለው። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በጥቅምት 2022 አገልግሎቱን በይፋ ከጀመረ ወዲህ ሁለተኛው መስመር የግድ ከመጀመሪያው ኩባንያ መሆን የለበትም። አንዱ ሲታመም ሌላው ይቆማል። ይህንን ግን ሥራው እንጀራችሁ ለሆነ ሰዎች ብቻ ነው የምመክረው፤ ለሌላው ወጪው ይበዛል።

አሁን ወደ እማማ እንሂድ።

የኤሌክትሪክ ምጣድ ብዙውን ጊዜ ከ3 ኪሎዋት በላይ ይስባል። እንጀራ በሚጋገርበት ቀን አንዳንድ ቤት አምፖሉ ሁሉ ይደበዝዛል፤ ቆጣሪው ላይ ያለው ማብሪያና ማጥፊያም ሊወርድ ይችላል። እንጀራው ይቅር ልትሏቸው ነው? አትሞክሩት። ራውተሩንና ላፕቶፑን ከምጣዱ መስመር ሌላ በሆነ ሶኬት ላይ አድርጉ፤ ለቀረው ባትሪው አለ። ዋናው ጠላት ግን ምጣዱ አይደለም፤ ካውያ ነው። አንድ ሰው ሸሚዙን ሊተኩስ ይመጣል፣ ሶኬት ያጣል፣ አንዱን ይነቅላል። የነቀለው ደግሞ መልሶ አይሰካም። እኔ ሶኬቱ ላይ በትልቁ «አትንቀሉኝ፣ ሥራ ላይ ነኝ» ብዬ ለጥፌያለሁ። ትስቁ ይሆናል፤ ቤታችን ውስጥ የዚህን ወረቀት ያህል የሠራ የቴክኖሎጂ ውጤት የለም። እናቴም «ይሄ ነገር ሌሊቱን ሙሉ የሚበራው ለምንድነው?» ብላ ስትጠይቅ ቁጭ ብዬ አስረድቻታለሁ። ያልገባው ሰው መብራት ለመቆጠብ ያጠፋዋል፤ በጎ አስቦ ነው፣ ምን ትሉታላችሁ? ከገባው ግን ጠባቂ ይሆናል። ዛሬ እናቴ ራውተሩ ቀይ ሲያበራ ትደውልልኛለች።

ኔትወርኩ ራሱ ብዙም አያናግርም። ላፕቶፑን ከራውተሩ ጋር በገመድ አገናኙት፤ ዋይፋይ ለስልክ ይሁን። ራውተሩ ውስጥ ገብታችሁ ለዚያ ላፕቶፕ ሁልጊዜ ያው የቤት አድራሻ እንዲሰጠው አድርጉ። የራውተሩን የፋብሪካ ፓስወርድ ቀይሩ። በ2016 ሚራይ የተባለው ቫይረስ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ካሜራዎችንና ራውተሮችን የማረካቸው በረቀቀ ጥበብ አልነበረም፤ የፋብሪካ ፓስወርዶችን አንድ በአንድ እየሞከረ ነው።

ከባዱ ጥያቄ ከውጭ እንዴት ይገባል የሚለው ነው። እዚህ ላይ ኢንተርኔት ላይ የምታገኟቸው ብዙ መመሪያዎች «ፖርት ፎርዋርዲንግ አድርግ» ይሏችኋል፤ ታደርጋላችሁ፤ አይሠራም። ለምን እንደማይሠራ ላስረዳ።

ኮንዶሚኒየም አስቡ። በር ላይ ዘበኛ አለ። ከውስጥ ደውላችሁ ፒዛ ካዘዛችሁ ዘበኛው «ሦስተኛ ፎቅ ያዘዙት ነው» ብሎ ያስገባዋል። ማንም ሳይጠራው የመጣን እንግዳ ግን ይመልሳል፤ የማን እንግዳ እንደሆነ አያውቅማ። ራውተራችሁ ይህ ዘበኛ ነው። ፖርት ፎርዋርዲንግ ማለት ዘበኛውን «በዚህ ሰዓት የሚመጣ ሁሉ የኔ እንግዳ ነው» ብሎ ማዘዝ ነው። ችግሩ የእናንተ ዘበኛ ብቻውን አለመሆኑ ነው። የኢንተርኔት አድራሻ ቁጥሮች በአሮጌው አሠራር በጠቅላላው 4.3 ቢሊዮን ገደማ ብቻ ናቸው፤ ማዕከላዊው መጋዘን የመጨረሻዎቹን በየካቲት 2011 አከፋፍሎ ጨርሷል። ስለዚህ በዓለም ዙሪያ ብዙ ኩባንያዎች፣ በተለይ በሞባይል መስመር፣ ብዙ ደንበኛን በአንድ አድራሻ ያስተናግዳሉ። ከእናንተ በር ውጭ ሌላ ትልቅ በር፣ ሌላ ዘበኛ አለ ማለት ነው። ያኛው ደግሞ እናንተን አይሰማም።

የናንተ መስመር እንደዚህ መሆኑን ማወቅ ቀላል ነው። ራውተሩ ውስጥ ገብታችሁ ከውጭ የተሰጠውን አድራሻ ተመልከቱ፤ ከዚያ ጉግል ላይ አድራሻዬ ስንት ነው ብላችሁ ጠይቁ። ሁለቱ ከተለያዩ ከኋላችሁ ሌላ በር አለ። የራውተሩ ቁጥር በ10 የሚጀምር ከሆነ፣ ወይም ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ውስጥ ካረፈ፣ ፖርት ፎርዋርዲንጉን ርሱትና ሻይ ጠጡ።

ደስ የሚለው፣ መርሳታችሁ ይጠቅማችኋል። የዊንዶውስ ሪሞት ዴስክቶፕ የሚጠቀምበት 3389 የሚባል በር አለ። ይህን በር ወደ ኢንተርኔት የከፈተ ሰው ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ከማያውቀው አገር ፓስወርድ እየገመቱ ሲያንኳኩበት ያገኛል። በግንቦት 2019 ብሉኪፕ የተባለው ቀዳዳ ሲገኝ ማይክሮሶፍት ድጋፉን ከዓመታት በፊት ላቋረጠለት ለኤክስፒ ሳይቀር ማስተካከያ እስከ ማውጣት ደርሷል። ነገሩ የቱን ያህል እንዳስደነገጠው ከዚህ ገምቱ። ስለዚህ የራሳችሁ የሆነ እውነተኛ አድራሻ ቢኖራችሁም እንኳን ያንን በር አትክፈቱ።

ትክክለኛው መንገድ ፒዛውን ማዘዝ ነው፤ ማለትም ቤት ያለው ላፕቶፕ ራሱ ወደ ውጭ ይደውል። ዋየርጋርድ የሚባል ፈጣንና አጭር የቪፒኤን አሠራር አለ፤ በመጋቢት 2020 የሊኑክስ አካል ሆኗል። በእሱ ላይ የተሠራው ቴይልስኬል፣ እንዲሁም የራሱ አሠራር ያለው ዜሮቲየር፣ ስልካችሁንና የቤቱን ላፕቶፕ አንድ ክፍል ውስጥ እንደተቀመጡ ያህል ያገናኟቸዋል። ሁለቱም ለግል አገልግሎት የሚሆን ነፃ አማራጭ አላቸው። ሁለቱም መሣሪያዎች ከውስጥ ወደ ውጭ ስለሚደውሉ ዘበኞቹ አይከለክሉም። ሪሞት ዴስክቶፑን የምትከፍቱት በዚህ የግል መንገድ ውስጥ ነው። (የዊንዶውስ ሆም እትም ሪሞት ዴስክቶፕ አይቀበልም፤ ፕሮ ያስፈልጋል። ሆም ላይ ያላችሁ ክሮም ሪሞት ዴስክቶፕን ተጠቀሙ።)

ቴይልስኬል ላይ ሁለት ነገር ካላስተካከላችሁ ቀን ጠብቆ ጉድ ይሠራችኋል። አንደኛ፣ ዊንዶውስ ላይ ሰው ሳይገባበትም እንዲሠራ የሚያደርገውን ምርጫ ካላበራችሁ፣ መብራት ሄዶ ሲመጣ ላፕቶፑ ተነስቶ የመግቢያው ገጽ ላይ ዝም ብሎ ይቆማል። ሁለተኛ፣ የመሣሪያው ቁልፍ ካልነካችሁት በ180 ቀን ያበቃል። ለቤቱ ማሽን ይህንን አጥፉት፤ አለዚያ ስድስት ወር በሰላም ሠርቶ ሰባተኛው ወር ላይ ጀርባውን ይሰጣችኋል።

ቁልፍ ካነሳን አይቀር። ላፕቶፕ ያስጠገናችሁበት ሱቅ ልጅ «ችግር ካለ ከዚሁ ሆኜ እሠራልሻለሁ» ብሎ ኤኒዴስክ ጭኖ፣ ራሱ የሚያውቀውን ቋሚ ፓስወርድ አስገብቶ አልሰጣችሁም? የቤታችሁን ቁልፍ ግልባጭ ነው የወሰደው። ምናልባት ጨዋ ልጅ ነው። ቢሆንም ዛሬ ማታ አጥፉት። የትልልቆቹ ኩባንያዎች ቤትም ይዘረፋል፤ ኤኒዴስክ ራሱ በየካቲት 2024 መጀመሪያ ላይ ሰርጎ ገቦች ሲስተሙ ውስጥ እንደገቡበት አሳውቋል። የምትጠቀሙበት አካውንት ሁለተኛ ማረጋገጫ ይኑረው፤ ማረጋገጫው ግን በኤስኤምኤስ ብቻ አይሁን። ውጭ አገር ሄዳችሁ ሲማችሁ ካልሠራ በራሳችሁ በር ላይ ቆማችሁ ትቀራላችሁ።

ይሄ መንገድ በተቃራኒውም ያገለግላል። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ የአክስቴ ልጅ የእናቱን ኮምፒውተር ከዚያ ሆኖ ነው የሚያስተካክለው። እዚያ ማታ ሲሆን እዚህ ንጋት ነው፤ አክስቴ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ሁሉም ተስተካክሎ ይጠብቃታል። መጀመሪያ ግን ደውሎ ያስፈቅዳታል፤ እኔ ይህን ልማዱን እወድለታለሁ። እናት ብትሆንም ስክሪኗ የራሷ ነው። በ2016 የወጣው የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅም ቢሆን ያለ ፈቃድ የሰው ኮምፒውተር ውስጥ መግባትን ወንጀል አድርጎታል፤ የእጮኛንም ይጨምራል፣ አውቄ ነው ያነሳሁት።

ይህ ሁሉ ተሠርቶም የማያድነን ቀን አለ። ከሰኔ 2020 መጨረሻ ጀምሮ ለሦስት ሳምንት ገደማ አገሪቱ ላይ ኢንተርኔት ሲዘጋ፣ በዚያው ዓመት ኅዳር ትግራይ ላይ መስመሩ ሲቆረጥ፣ የማንም ላፕቶፕ ወደ ውጭ የሚደውልበት መንገድ አልነበረውም። ለዚያ ባትሪ አይገዛም። ስለዚህ በዚህ ሳምንት የሚያስፈልጋችሁን ፋይል በእጃችሁም ያዙ። ሲንክቲንግ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም አንድን ፎልደር ቤት ባለውና በያዛችሁት ማሽን ላይ አንድ ዓይነት አድርጎ ያቆያል፤ መስመር ሲጠፋ ሁለቱም ግልባጩ አላቸው፣ ሲመለስ ይታረቃሉ። የኔን የድምፅ ቅጂዎች አልጨምርበትም፤ የምጽፈውን ጽሑፍ ግን እጨምራለሁ።

ጨርሰናል ብላችሁ ካሰባችሁ ፈተናው ይቀራል። ከጉዞው በፊት ቅዳሜ ከሰዓት፣ ምጣድ ያልተጣደበትን ሰዓት መርጣችሁ፣ ቆጣሪው ላይ ያለውን ዋናውን ማጥፊያ አውርዱት። ቤተሰቡን አስቀድማችሁ ንገሩ። የስልካችሁን ዋይፋይ አጥፍታችሁ በሞባይል ዳታ ሰፈራችሁ ያለ ሻይ ቤት ቁጭ በሉና ለመግባት ሞክሩ። ከገባችሁ ባትሪዎቹ እየሠሩ ነው። ከዚያ ሁለቱም ባትሪዎች እስኪያልቁ ጠብቁ፤ ሦስት አራት ሰዓት ሊሆን ይችላል፣ መጽሐፍ ያዙ። ሲያልቁ ታናሽ ወንድም ማጥፊያውን መልሶ ያንሳው፤ ከዚያ ውጭ ምንም አይንካ። አምስት ደቂቃ ቆጥራችሁ እንደገና ሞክሩ። የቆየ ላፕቶፕ ባትሪው ተሟጦ ከጠፋ ቻርጅ ሲያገኝ በራሱ የማይነሳ አለ፤ ባዮሱ ውስጥ ቻርጀር ሲሰካ ተነሳ የሚል ምርጫ ያላቸው አሉ፣ የሌላቸውም አሉ። የእናንተው የትኛው እንደሆነ ማወቅ ያለባችሁ ሻይ ቤቱ ውስጥ ሆናችሁ ነው። የሌለው ከሆነ ዴስክቶፑን ከጡረታ መልሱት፤ ባዮሱ ውስጥ ያችን መስመር ቀይራችሁ።